ሶፋው ከቤት ቤት

ባሏ ከሞተ በኋላ እጅ አጣጥፎ ከመቀመጥ ብላ ለጤና ቢሮ ቤት ለቤት እየዞረች መጠየቅ ጀመረች። ከዚያ ወዲህ በስሟ የሚጠራት ጠፋ፤ ሁሉም «እሜቴ ጥያቄ» ይላታል። ዓይነ አፋር ናት፤ በር የምታንኳኳው እንኳ በጣቷ ጫፍ ነው። ሥራዋን ግን ትወደዋለች። ማን ቤት ውሃ አለ፣ ማን ምን ጎደለው፣ ማን ታመመበት፣ ማን ሞተበት ብላ ትጠይቃለች። አዲሱ ጤና ጣቢያ የሚሠራው ችግርና ሞት አብረው በበዙበት ሰፈር ነው።

ታች ሰፈር የገባች ዕለት፣ በመጀመሪያ አንድ አናጺ ቤቱ አስገብቶ ባለ አበባ ሶፋ ላይ አስቀመጣት። ቀጥሎ ያለው ቤትም ባለ አበባ ሶፋ ነበረው። ሦስተኛው የአንዲት ልብስ አጣቢ ቤት ነው። እሷ በፊት በር ስትገባ ሶፋው በጓሮ በር ይገባል፤ ከሥሩ አናጺው ላቡ ጠብ ጠብ ይላል።

«እንደምን ዋሉ እሜቴ!» አላት እንደተሸከመ።

ሳቋ አመለጣት። «ኧረ አውርደው ወንድሜ፣ ወገብህ ይቆረጣል!»

አጣቢዋ መሬት መሬት አየች። «ምን ላድርግ እትዬ? ገመናዬን ለእንግዳ ላሳይ?»

የእሜቴ ጥያቄ ሳቅ ጠፋ። ሰፈሩ እንዲህ አምሮ ከተጻፈ ጤና ጣቢያው ወደ ላይ ሰፈር መሄዱ ነው። የአጣቢዋ ልጅ ደግሞ ነፍሰ ጡር ናት፤ አምና ወደ ሩቁ ሆስፒታል ስትሄድ ሕፃኗ መንገድ ላይ ቀርቷል። መልስ ማስጠናት ክልክል ነው። እሜቴ ጥያቄ መሬት ላይ ቁጭ አለች።

«እህቴ፣ የጎደለውን የምጠይቅሽ ላዋርድሽ አይደለም። ኑሮ በጎደለበት ሰው ቶሎ ይሞታል። የት እንደሆነ ካልታወቀ ጤና ጣቢያው የት ይሠራ? ያለውን አለ፣ የሌለውን የለም በይኝ።»

አጣቢዋ ልጇን አየቻት። «እንግዲያው ሶፋው የሱ ነው። ውሃ የምንቀዳው ከወንዝ ነው። ጣሪያችንም ያፈሳል።»

«የሷ ምኑ ያፈሳል!» አለች ጎረቤቷ ከደጅ። «ወንፊትስ የኔ ነው!»

«የኔ ቤትማ ጭራሽ ጣሪያ የለውም!» አለ አናጺው።

«አንተ ቀጣፊ፣ አሁን ከሥሩ ተቀምጬ አልመጣሁም? በሉ፣ ሳላይ አልጽፍም» ብላ ከመጀመሪያው ቤት እንደገና ጀመረች።

በስድስተኛው ወር ጤና ጣቢያው ታች ሰፈር ተከፈተ። በተከፈተ በሁለተኛው ሳምንት የአጣቢዋ ልጅ እዚያ ሳትወልድ አልቀረችም ሲባል ሰምታ እሜቴ ጥያቄ እየሮጠች ሄደች፤ አጣቢዋ ሕፃን ታቅፋ የጤና ጣቢያው በር ላይ ቆማለች።

«ወንድ ነው፣ ሦስት ኪሎ ተኩል! ጩኸቱን ይስሙት እትዬ፤ ላይ ሰፈር ድረስ አላስተኛም ብሏል!»