የቡቺ ሐሞትና የእኔ ድምፅ

«ዘይነባ፣ ቶሎ አናግሪው!» አሉኝ አሠሪዬ ማዳም፣ ዛሬ ከካይሮ በቪዲዮ ደውለው። እኔ ካርቱም ነኝ፤ ጦርነቱ ሲበትነን ትተውት የሄዱትን የማንሺያ ሰፈር ቤታቸውን እጠብቃለሁ።

ይዘውት የሄዱት ውሻቸው ቡቺ የሐሞት ቱቦው ተዘግቶ ዓይኑ ሳይቀር ቢጫ ሆኖ ነበር። ሐኪሞቹ ሆዱን ሳይቀድዱ፣ ካሜራ ያለው ቀጭን ቱቦ በአፉ አስገብተው የተዘጋውን ከፈቱለት። ከማደንዘዣው ነቅቷል፤ ግን ቢጠሩት ዞር አይልም።

እንዴት ይበል? ከቡችላነቱ ጀምሮ ያሳደግኩት እኔ ነኝ፣ ያውም በአማርኛ። አረብኛው «ያላ» (በል እንሂድ) ላይ ያልቃል፤ እሱንም ሲፈልግ ነው የሚሰማው።

«ቡቺዬ፣ ና ግባ፣ መሸ» አልኩት፣ እንደ ድሮው።

ጆሮው ቆመ። ከዚያ ስልኩን ትቶ የክሊኒኩን በር ማየት ጀመረ፤ የምገባ መስሎት።

እናንተስ እህቶቼ፣ በአማርኛ እሹሩሩ ያላችኋቸው የማዳም ልጆች አሁን የት ናቸው? ድምፃችሁን ቢሰሙ ዞር ይሉ ይሆን?