ግጥሙን ማን ሰጠህ?

በደርግ ጊዜ ነው፤ ቡሬ አጠገብ ሰርግ ላይ፣ ማሲንቆዬን እንደያዝኩ ነው ያሰሩኝ። ፍኖተ ሰላም አምጥተው የወረወሩኝ የእህል መጋዘን ውስጥ ነበር። መስኮት የለውም፤ የበቆሎ አቧራው ያስነጥሳል፤ ነቀዙ አንገታችን ላይ ይሄዳል። እህሉን ለጦርነቱ መዋጮ ብለው ጭነው ወሰዱ፣ ባለቤቶቹን በእህሉ ቦታ አጎሩ። ድንቄም አብዮት!

የእኔ ወንጀል አንዲት ግጥም ናት። ድግስ ላይ አንዱ ተነስቶ «ተቀበል!» ካለ፣ አዝማሪ የተሰጠውን ግጥም በዜማ ይመልሳል። አልቀበልም ማለት ነውር ነው፤ አባቴም አያቴም ብለውት አያውቁም። ያን ቀን አንድ ሽማግሌ ገበሬ ተነስተው ሰጡኝ፦

«በሬዬን ለመዋጮ፣ ልጄን ለዘመቻ፤
ምን ቀረኝ ከቤቴ፣ ምሰሶው ነው ብቻ።»

ተቀበልኩ። ዳሱ ሙሉ ሰው አለቀሰ። ከዳሱ ውጭ የቆመው ጆሮ ጠቢ ግን የሰማው የእኔን ድምፅ ብቻ ነው።

ከቀናት በኋላ ሽማግሌውም እዚያው መጋዘን ገቡ፤ መዋጮ ጎደለባቸው ተብለው። ግጥሙ የእሳቸው መሆኑን መዋጮውን የሚሰበስበውና እኛን ያሳሰረው ካድሬ አላወቀም። ቢያውቅ እንደማይምራቸው ሁላችንም እናውቃለን።

«እኔ ነኝ ልበለው ልጄ። አርጅቻለሁ፣ ምን ቀረኝ?» አሉኝ።

«ዝም ይበሉ አያ! ስለ ማርያም!»

ካድሬው ካኪውን አስተኩሶ፣ ማሲንቆዬን አንጠልጥሎ መጣ። እሁድ ሜዳው ላይ የኪነት ትርኢት አለ፤ ገንዘብ ማሰባሰቢያ።

«ወይ ግጥሙን ማን እንደሰጠህ ተናገር፣ ወይ ከኪነቱ ጋር ወጥተህ መዋጮውን አወድስ» አለኝ። አንድ ብር በምራቁ አርሶ ግንባሬ ላይ ለጠፈ። «እስቲ አሁን እንሞክረው። ተቀበል!»

ገበሬው በሬውን በደስታ ሰጠ የሚል ግጥም ለፈለፈ። የበሬው ባለቤት እኮ አጠገቤ ተቀምጠዋል! ደሜ ፈላ። ሽማግሌው ሊነሱ ጉልበታቸውን ሲይዙ አየሁና ቀደምኳቸው።

«ግጥሙ የራሴ ነው» አልኩ። «ያንተን ግን አልቀበልም።»

ብሩን ከግንባሬ አንስቼ እግሩ ሥር ጣልኩት። መጀመሪያ ማሲንቆውን ረገጠ፣ ከዚያ እጄን። ሲወጣ ሽማግሌው ከስብርባሪው መሀል የፈረስ ጭራውን ለቅመው ጋቢያቸው ጫፍ ላይ ቋጠሩት። ስንፈታ ቋጠሮውን ፈትተው ሰጡኝ። የእሳቸው ልጅ ከዘመቻው አልተመለሰም፤ እሳቸውም ብዙ አልቆዩም።

የግራ እጄ ጣቶች ዛሬም አይታጠፉም። ማሲንቆውን የሚመታው ልጄ ነው፣ እኔ አዜማለሁ። ከጥቂት ዓመት በፊት ቡሬ ሰርግ ተጠርተን ሄድን። ያ ካድሬ፣ ሸብቶ፣ ኩታ ለብሶ፣ ከተከበሩት ሽማግሎች መሀል ተቀምጧል። ሰው አክብሮ ያጎርሰዋል! የዚያን ሽማግሌ ገበሬ ግጥም ዓይኑን እያየሁ አወጣሁት። አላወቀኝም። እንባውን በኩታው ጠረገና ብር ይዞ መጣ።

«እንዴት ያለ ግጥም ነው! ማን ሰጠህ?» አለኝ።

ያን ጊዜ ያልነገርኩትን ነገርኩት።

«በሬውን የወሰድክበት ሰው» አልኩት።

ብሩን እንደያዘ ቀረ። ልጄን «ምታ!» አልኩት፣ ደግሜም አወጣሁት። ንዴቴ ግን እስከ ዛሬ አልበረደም፤ እንዲበርድም አልፈልግም።