የወንድማችን ሁለት ስሞች

ሐሙስ፣ ጥር 8 ቀን፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ተኩል። እህቴ በተሰደደችበት አገር ያቀረበችው የጥገኝነት ጥያቄ ውድቅ መደረጉ ደብረ ታቦር ላለሁት ለእኔ በስልክ ደረሰኝ።

እህቴ እዚሁ አስተማሪ ነበረች። በስብሰባ ላይ «የታሰሩት መምህራን ይፈቱ» በማለቷ ሁለት ወር ታሰረች። ከተፈታች በኋላ ታጣቂዎች ሊወስዷት መጡ፤ በር አልከፍትም ያላቸውን ታናሽ ወንድማችንን ገደሉት። ከዚያ በኋላ ነው አገር ጥላ የወጣችው።

እህቴ ተርጉማ የላከችልኝን ውሳኔ ሦስት ጊዜ አነበብሁት። ስለ ወንድሟ ሞት ያቀረበችው የቤተ ክርስቲያን ደብዳቤ የሌላ ሰው ስም ስለያዘ አትታመንም ይላል።

ስሙ የወንድማችን የክርስትና ስም ነው። ፍትሐት የተደረገለት በእሱ ነውና ደብዳቤውም በእሱ ተጻፈ። የላክሁት እኔ ነኝ። ሠላሳ ዓመት በጋዜጠኝነት የሰው ስም ሳጣራ ኖሬ ማብራሪያ አልጨመርሁም።

ጠበቃዋ በአስተርጓሚ አነጋገረችኝ። «ይግባኝ የምንልበት ፍርድ ቤት ራሱ ጥገኝነት አይሰጥም፤ ውሳኔው በሕግ መሰጠቱን ብቻ ይመረምራል። ስለ ስሙ በቃለ መጠይቁ ተናግራለች፤ የጠየቃት ባለሥልጣን ግን አልፎታል። ልማዱን የሚያስረዳ ቃል ደብዳቤውን ከጻፉት ቄስ ያምጡልኝ።» ካልተሳካ እህቴን ወደ አገር ቤት ይመልሷታል።

በማግሥቱ ከአጎቴ ጋር ወደ ጉና ወጣሁ። ቄሱን ገብስ ሲወቁ አገኘናቸው። አጎቴ ቀደመኝ።

«አባ፣ ደብዳቤው በመጠሪያ ስሙ እንደገና ይጻፍ። ቀኑም የድሮው ይሁን። ማን ያውቃል?»

«እኔ አላውቅም? እንካ፣ ማኅተሙንም ውሰደውና አንተው ቀድስ!» ወደ እኔ ዞሩ። «አንተስ ጋዜጠኛው፣ ለዚህ ነው የመጣኸው?»

«አይደለም አባ። የጻፉት ልክ ነው፤ አንድ ፊደል አይነካም። ሁለቱም ስሞች የአንድ ሰው መሆናቸውን ብቻ ያስረዱልኝ።»

«እንዲያ በል። ያጠመቅሁትም የቀበርሁትም እኔ፤ ስሙን እነሱ ሊነግሩኝ ነው?»

መንሻቸውን አስቀምጠው እዚያው ጻፉ።

እኔም ለፍርድ ቤቱ የሚቀርብ የጽሑፍ ቃል ሰጠሁ። ጠበቃዋ በረቂቁ መጨረሻ «ለተፈጠረው ግራ መጋባት ይቅርታ እጠይቃለሁ» የሚል አስገብታ ነበር። ሰረዝሁት። ማብራሪያ አለመጨመሬን ጽፌያለሁ፤ ስለ ስማችን ግን ይቅርታ የምጠይቀው ሰው የለም። «ዳኛዋን ያለሰልሳል» አለችኝ። «እውነት አይደለም» አልኋት።

ሰኔ ላይ ዳኛዋ ውሳኔውን ሻሩት፤ ጉዳዩ በሌላ ባለሥልጣን እንደገና እንዲታይ አዘዙ። አዲሱ የቃለ መጠይቅ ቀን እስካሁን ለእህቴ አልተነገራትም።