ከክፍልፋይ የሚጀምረው ትምህርት

መምህሯ ሴትዮ አልለቅም ያሉት በሚያስተምሩበት የሁለት ዓመት ኮሌጅ ከክፍልፋይ የሚጀምረውን የሒሳብ ትምህርት ነበር። በግዛቲቱ ዋና ከተማ በሳክራሜንቶ የተሰበሰበው የምክር ቤት ኮሚቴ ደግሞ ይህንኑ ትምህርት የሚያስቀር ረቂቅ ሕግ እየመረመረ ነበር።

የአዳራሹ በር ጠባቂ ኦርቪል አስተያየት ለመስጠት የሚሰለፍ ሰው ማየት የሰለቸው ነው፤ ዓይኑ ግን እሳቸው ላይ ቀረ። የመምህራን ማኅበር ለአባላቱ ያደለውን ቀይ ካናቴራ በተተኮሰ ግራጫ ኮታቸው ላይ ደርበውታል። ከአመልካች ጣታቸው አንድ አንጓ ጎድሏል።

«ጣትዎን ምን አገኘው፣ እናቴ?»

«የኮክ ፍሬ ማሸጊያ ፋብሪካ ቢላዋ። ከሦስት አንዱን ወሰደብኝ፤ ክፍልፋይ የጀመርኩት ያኔ ነው» ብለው ሳቁ።

በዚያ አዳራሽ ወግ፣ ተሰላፊ ስሙን፣ ኮሌጁንና አቋሙን ብቻ ተናግሮ ያልፋል። እሳቸውም ሦስቱን ተናገሩ፤ ከድምፅ ማጉያው ግን አልተነቃነቁም።

«እመቤት፣ ተቃውሞዎ ተመዝግቧል። ከኋላዎ ሰው ቆሟል፤ ይለፉ እንጂ!» አሉ ሰብሳቢው።

ኦርቪል እንደ ደንቡ ከድምፅ ማጉያው ሊያርቃቸው ቀረብ አለ፤ ግን ሳይነካቸው ከጎናቸው ቆመ። ሴትዮዋ ቀና ብለው መለሱ፦

«ተቃውሞዬን መዝግባችኋል፤ ምክንያቴን ግን አልሰማችሁም። እኔ በአርባ ዓመቴ ከፋብሪካ ወጥቼ ኮሌጅ የገባሁት በዚያ ክፍል በር ነው። ከኋላዬ ሰው መቆሙንማ ከእርስዎ ይልቅ እኔ አውቃለሁ፤ ገና ከፋብሪካው ያልወጣ ሰው ነው። በሩን መዝጋት ካማራችሁ ዝጉት፤ እኔ ግን ውስጥ ነኝ፣ አልወጣም።»