ሳይደርቅ የተቀባው ጣውላ

አናጢው ለአማቱ የበረንዳ ደረጃ የሠራላቸው ገና ባልደረቀ ጣውላ ነበር። የምስጥ መድኃኒቱን ደጋግሞ ቀብቶ «አሁን ማንም አይደፍረውም፣ እማማ!» ብሎ ደረቱን ነፋ። ዓመት ሳይሞላ አንዱ መርገጫ ከዳቸውና ወድቀው ክንዳቸው ተሰበረ።

ስብርባሪውን አንስቶ ሲያይ መድኃኒቱ ያቀለመው ላዩን ብቻ ነው፤ ውስጡን ምስጥ ቦርቡሮታል። እንጨት መድኃኒት የሚጠጣው በጥቃቅን ሕዋሳቱ ክፍተት ነው፤ የእሱ ጣውላ ክፍተት ግን ውሃ ሞልቶት ስለነበር መድኃኒቱ መግቢያ አጣ። ይህን እያወቀ ነው የቸኮለው።

አማቱ «የኔ ልጅ፣ እንጨት ሻጩ ነው ያታለለህ» አሉት።

«አይ እማማ፣ እኔው ነኝ፤ ሳይደርቅ ነው የቀባሁት» አለ አንገቱን ደፍቶ።

«በል ቁጭ በል» ብለው በደህናው እጃቸው ወንበር ሳቡለት። እሱ ግን ቀና ብሎ ሊያያቸው አልቻለም።