ታዛ የሌለው ቤት

ታላቅ ወንድሜ ቢቸና ላይ ፎቅ ሲያሠራ ፕላኑን ያመጣው ከአዲስ አበባ ነው። ፊቱ ሙሉ መስታወት፣ ጣራው ጠፍጣፋ፣ ግድግዳው እስከ ቦታው ድንበር የተገፋ ነበር። ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የሥነ ሕንፃ ታሪክ ስለማስተምር አስተያየቴን ጠየቀኝ። የጠየቀኝ ለወጉ ያህል ነው።

«ታዛ የለውም» አልኩት።

«ታዛ አይከራይም» አለኝ።

ያን ሰሞን ክፍል ውስጥ የማስተምረው ሆላንዶች በሞቃት አገሮች ስለሠሯቸው ከተሞች ነበር። የዛሬዋን ጃካርታ ባታቪያ ብለው ሲቆረቁሩ አገራቸውን እንዳለች ይዘው ነው የሄዱት። ቦይ ቆፈሩ፤ በቦዩ ዳርና ዳር ጠባብ ረጃጅም ቤቶችን ግድግዳ ለግድግዳ አጣብቀው ሠሩ። ፀሐዩ ግን የአገራቸው ፀሐይ፣ ዝናቡም የአገራቸው ዝናብ አልነበረም። ቤቱ ታፈነ፤ የቦዩ ውሃ ተኝቶ ቢንቢ ተራባበት፤ በሽታው ፈጃቸው። አቅም ያለው ከፍ ወዳለው መሬት ወጣ፤ ከተማውም እሱን ተከትሎ አደገ። የአገሬውን ቤት ቀና ብለው ያዩት ያኔ ነው፤ ሰፊ ጣራ፣ ረጅም ክፈፍ፣ ዙሪያውን በረንዳ። ይህን ለመማር ትውልዶች ፈጀባቸው።

ይህን ሁሉ ለወንድሜ ነገርኩት።

«ሆላንድህን ለተማሪዎችህ አስቀምጣት፤ ቢቸና ወባ የለም» አለኝ።

አልተሳሳተም። ቢቸና በካርታ ትሮፒክ በሚባለው ሞቃት ቀበቶ ውስጥ ብትሆንም፣ በሐምሌ ጋቢ ደርቦ ለሚንቀጠቀጥ ሰው ይህን ማስረዳት አይቻልም። ቤቱ እንደ ፕላኑ ተሠራ። ያምር ነበር።

ወንድሜ ኪራይ ኪራይ ቢልም ቤቱን ያሠራው እናታችንን ሊያመጣበት ነው። አባታችን ካረፈ ወዲህ ሞጣ ብቻዋን ትኖራለች። የሞጣው ቤት የጭቃ ነው፤ ቆርቆሮው ግን ከግድግዳው አልፎ ወጥቶ በቋሚ እንጨት ተደግፏል፤ ከሥሩ መደብ አለ። ዝናብ ሲመጣ መንገደኛ ሁሉ ይጠለልበታል። እናቴ በሩን ከፍታ ካገኘችው ጋር ታወራለች፤ ሲያባራ ይሄዳሉ። ስማቸውን እንኳ አትጠይቅም።

በክረምቱ ጓዟን በአንሶላ ቋጥራ መጣች። ፎቅ ላይ የተሰጣትን ክፍል አየችና በመስኮቱ ወደ ታች ተመለከተች።

«ዝናብ ሲመጣ ሰው የት ይቆማል?»

«የቱ ሰው?» አለ ወንድሜ።

ከመስኮቱ ዞር ብላ አልጋው ላይ ተቀመጠች። ጓዟን ግን አልፈታችም። ከአልጋው አጠገብ አስቀምጣ፣ የሚያስፈልጋትን ሁሉ በቋጠሮው ጫፍ እጇን እየሰደደች ታወጣ ነበር። ወንድሜ ቁም ሳጥን ገዛላት፤ ባዶውን ተገተረ። እንደዚያ ቋጠሮ ያበሳጨው ነገር አላየሁም።

አንድ የገበያ ቀን ዝናቡን አወረደው። ነፋሱ መስታወቱን በውሃ ይገርፋል፤ ምድር ቤቱን የተከራየው ነጋዴ በበሩ ሥር ከሚገባው ጎርፍ ጨርቁን ለማዳን ይራወጣል፤ ሰዉ በደጃችን እየሮጠ ያልፋል። እናታችን ክፍሏ ውስጥ የለችም። ዞር ዞር ብለን ስንፈልጋት ከመንገዱ ማዶ፣ ገና ባልፈረሰ አሮጌ ጭቃ ቤት ታዛ ሥር፣ ከገበያተኞች መሀል ተቀምጣ ታወራለች። ወንድሜ ጃንጥላ ይዞ ተሻገረ፤ ተከተልኩት።

«እማዬ፣ ተነሺ ወደ ቤት እንግባ።»

«እናንተ ሂዱ፤ ሲያባራ እሄዳለሁ» አለችው፣ ልክ እንደ መንገደኛ።

ወንድሜ ክው አለ። ጃንጥላውን ዘቅዝቆ ይዞ እየበሰበሰ ቆመ። በጣም አዘንኩለት።

ለመስቀል ቋጠሮዋን አንጠልጥላ ሞጣ ተመለሰች። በበጋው ወንድሜ ለእኔ ሳይነግረኝ ግንበኛ አስገባ። የምድር ቤቱን መስታወት አስነቅሎ ወደ ውስጥ ሳበው። ምሰሶዎቹ ደጅ ቀሩ፤ ፎቁ ራሱ ታዛ ሆነ፤ ከሥሩም መደብ ተሠራ። ተከራዩ ሱቄ ጠበበ ብሎ አኮረፈ።

«ሆላንድ ገባህ ማለት ነው» አልኩት ሳየው።

«ዝም በል» አለኝ።

በሐምሌ እናቴ ያንኑ ቋጠሮ ይዛ መጣች። ታዛውን አየት አድርጋ ወደ ፎቁ ወጣች። በገበያ ቀን ዝናቡ ሲመጣ ግን ሰዉ ከያለበት እየሮጠ ገባበት። ዶሮ ያቀፈ፣ እህል የተሸከመ፣ ሁሉም ተጠጋግቶ መደቡን ሞላው። ተከራዩ «በሬን ዘጉብኝ» እያለ ያጉረመርማል። እናቴ ከፎቁ ወርዳ መቀመጫ ፈለገች፤ አጣች። አንዲት ሴት «እማማ፣ እዚህ ይቀመጡ» ብላ ልትነሣላት ስትል ትከሻዋን ይዛ መለሰቻት።

«ተይ ልጄ፣ እኔ የቤቱ ነኝ።»

ሲያባራ ወደ ላይ ወጥታ ቋጠሮውን ፈታችው። ልብሷን ቁም ሳጥኑ ውስጥ ደረደረች። ከሥር የቀረውን የሞጣውን ቤት ቁልፍ አንሥታ ለወንድሜ ሰጠችው። የተወለድንበት ቤት ነው።

«ሰው አስገባበት» አለችው። «በነጻም ይሁን። ዝናብ ሲመጣ በሩን የሚከፍት ይሁን እንጂ።»