የተከደኑት ጉድጓዶች

ባለፈው ሳምንት ትልቁ ልጄ ባጃጇን ሽጬ ገንዘቡን በስልክ በሚሠራ ንግድ ላይ ላውለው አለኝ። ቤታችን የሚበላው ከዚያች ባጃጅ ነው። ያተረፉ ሰዎችን ፎቶ እያሳየ፣ «አባዬ፣ አማካይ ትርፉ ከምንም ይበልጣል» አለ። የከሰሩትን ማን ፎቶ ያነሳቸዋል? በጋምቤላ የመጋቢት ሙቀት ውስጥ ተቀምጬ ዲማ ትዝ አለችኝ።

ያኔ ወጣት ነበርኩ። አገሬ አቦቦ ላይ ያለኝን አንድ በሬ ሸጬ ከጓደኛዬ ከደሳለኝ ጋር ወደ ወርቁ አገር፣ ወደ ዲማ ሄድኩ። የመንገዱ አቧራ ከያዝነው የበቆሎ ቂጣ ጋር ጥርሳችን ላይ ይንኮሻኮሽ ነበር። ዲማ ላይ ገንዘብ ያለው ሰው የቆፋሪዎችን ስንቅ ይችላል፤ ወርቅ ሲወጣ ይካፈላል። ወንዝ ዳር አሸዋ የሚያጥቡት በየቀኑ ጥቂት ያገኛሉ። ጥልቁ ጉድጓድ ግን ወይ ባዶ ነው፣ ወይ ያበለጽጋል።

ጋሽ ሰይድ የሚባል ነጋዴ ጉድጓድ ነበረው፤ በገንዘባችን እንድንገባበት ጠየቀን። እኔ ሰውየውን ጠረጠርኩ። ሚዛኑን ደጋግሜ አየሁ፤ ሻዩን እንኳ እሱ ቀድሞ ካልጠጣ አልቀምስም ነበር። ምንም አላገኘሁበትም።

አንድ ቀን ግን ጫካ ገብቼ ስመለስ እግሬ ቅርንጫፍ ሰብሮ ሰመጠ። ለካስ የተተወ ጉድጓድ ነው። ዙሪያውን ባይ በቅርንጫፍ የተከደነ ሌላም፣ ሌላም አለ። ወርቅ ሲወጣ ፍየል ይታረዳል፤ ሰፈሩ ሁሉ ይበላል፣ ወሬው አቦቦ ድረስ ይደርሳል። ሲከሽፍ ግን የጉድጓዱ አፍ ይከደንና ቆፋሪዎቹ ሳይሰናበቱ ይሄዳሉ።

ጋሽ ሰይድን ለምን አልነገርከንም አልኩት።

«ስንት ፍየል እንደታረደ ጠየቅከኝ፣ ነገርኩህ» አለ ረጋ ብሎ። «ስለ ቅርንጫፉ ማን ጠየቀኝ?»

ገንዘቤን ለአሸዋ አጣቢዎቹ ስንቅ አዋልኩ። ደሳለኝ፣ «አንተ ጥላህንም ትጠረጥራለህ» ብሎ ገንዘቡን በጋሽ ሰይድ ጉድጓድ ላይ አዋለ። ወርቁም ወጣ። ፍየል ታረደ፤ እኔም በላሁ፣ ሥጋው ይጣፍጥ ነበር፣ አልዋሽም። ከዚያ ደሳለኝ ያገኘውን ሁሉ በሌላ ጉድጓድ ላይ አዋለ፣ ቀጥሎም በሌላ። ዝናቡ ሲገባ አንድ ጠዋት ብፈልገው የለም፤ በመጨረሻው ጉድጓዱ አፍ ላይ እርጥብ ቅርንጫፍ ተጋድሟል። እኔ ከአጣቢዎቹ በደረሰኝ ድርሻ ወይፈን ገዝቼ አቦቦ ተመለስኩ።

የጠረጠርኩት ሰው እውነተኛ ነበር። መጠርጠር የነበረብኝ አንድ ፍየል ሲታረድ የሰማውን፣ ዝም ያሉትን ጉድጓዶች ያልሰማውን የራሴን ጆሮ ነው። አንዱ ያገኘውን ለሁሉም ቢያካፍሉት አማካዩ መልካም ይሆናል፤ ግን ዲማ ላይ አማካዩን የበላ ሰው አላየሁም።

ይህን ሁሉ ለልጄ ነገርኩት። አንገቱን ደፍቶ ሰማኝና፣ «ደሳለኝ በመጀመሪያው ጉድጓድ ስንት አገኘ?» አለኝ።

የባጃጇን ቁልፍ ከጠረጴዛው አንስቼ ኪሴ ከተትኩ።